አጭር የንግግር ሕክምና ለአንዱ ጸንቶ ለሌላው ለምን ይለቃል? ከጠባይ ነው?

መምህርት ከደብረ ማርቆስ

እንደምን ሰነበታችሁ። ስለ ታላቅ ወንድሜና ስለ ታናሽ እህቴ ልጠይቃችሁ ነው።

ሁለቱም በተለያየ ጊዜ ድብርት ይዟቸው ባሕር ዳር አንድ የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ ሄደዋል። ባለሙያው ያው አንድ ሰው ነው። የቀጠሮው ብዛትም እኩል ነው፤ ስምንት ስምንት ጊዜ። ውጤቱ ግን በጣም ተራራቀብኝ።

ወንድሜ ፍኖተ ሰላም ነው የሚኖረው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሒሳብ ይሠራል። አባታችን ሲሞት የበኩር ልጅ ስለሆነ ቤቱን በትከሻው ተሸከመ። እኛን አስተማረ። እህታችንን ዳረ። ሲበዛ ጠንቃቃ ነው። ሸሚዙን ራሱ ተኩሶ ካልለበሰ ከቤት አይወጣም። ባለሙያው የሰጠውን የቤት ሥራ አንድም ቀን አላጓደለም። ደብተሩን አይቼዋለሁ። በማስመሪያ አስምሮ ቀኑን፣ የመጣበትን ሐሳብ፣ ስሜቱ ከመቶ ስንት እንደሆነ በየረድፉ ጽፎታል። ስርዝ ድልዝ የለውም። አንዱ ገጽ ተበላሸብኝ ብሎ ቀዶት እንደገና ገልብጦታል። ሲጨርስ ባለሙያውን አመስግኖ፣ ለእኛም "ድኛለሁ" ብሎን ተመለሰ። የሚቀጥለው ክረምት ሳይወጣ እንቅልፉ ጠፋ። አሁን ሥራ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ በሩን ዘግቶ ይተኛል። ስጠይቀው መልሱ "ደህና ነኝ" ነው።

እህቴ ተቃራኒው ናት። ባሕር ዳር አግብታ ትኖራለች። ቀጠሮ ትረሳለች። የቤት ሥራውን ግማሹን አልሠራችውም። አንድ ቀን እንዲያውም ከባለሙያው ጋር ተኳርፋ "ሁለተኛ አልሄድም" ብላ ደወለችልኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ሄዳ "ባለፈው የተናገርከኝ ነገር አስከፍቶኛል" አለችው። እሷ እስከ ዛሬ ደህና ናት። ከወለደች በኋላ ጭንቅ ሲላት እንኳ ለባሏም ለጓደኞቿም እየነገረች አለፈችው።

እናታችን "የልጄ አመሉ ነው፤ አመል ደግሞ አብሮ ነው የሚቀበረው" ትላለች። እውነት ልዩነቱ ጠባይ ነው? ከሆነስ ወንድሜ ተመልሶ ቢሄድ ምን ይጠቅመዋል? የምፈራው "አንዴ ሞክሬው አልሆነልኝም" ብሎ ተስፋ እንዳይቆርጥ ነው። የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

የሥነ ልቦና ተማሪ

ሰላም መምህርት። አዎ፣ ጠባይ ድርሻ አለው። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ሥራ 99 ጥናቶችን ሰብስቦ አምስቱን ትልልቅ የስብዕና መለኪያዎች ከሕክምና ውጤት ጋር አስተያይቷል። በጥቅሉ ሲታይ ቶሎ የማይደናገጥ፣ ከሰው ጋር የሚቀላቀል፣ ለአዲስ ነገር ልቡ የተከፈተ፣ ከሰው የሚስማማ፣ ኃላፊነቱን የሚወጣ ሰው የተሻለ ውጤት ያገኛል። ከሰው መስማማት ከባለሙያው ጋር ለመግባባት ይረዳል። ኃላፊነት መወጣት ደግሞ በተለይ ከመጠጥና ከሌላ ሱስ ለመራቅ ይጠቅማል።

በዚህ ስሌት ግን መዳን የነበረበት ወንድምሽ ነበር። የቤት ሥራውን ሠርቷል፣ ቀጠሮውን አክብሯል፣ ሰው አያስቀይምም። እውነቱን ለመናገር ግራ ገብቶኛል። ምናልባት ከሥር ያለው ጭንቀት ከእህትሽ ይበልጥ ይሆን? ልምድ ያላቸው ይመልሱልን።

አባ ወራ ከቢቸና

ልጄ መምህርት፣ እግዚአብሔር ይማርልሽ። እኔ ስለ ጥናቱ አላውቅም። በእኛ ቤት ሰው እንዲህ ሲሆን ጸበል እንወስደዋለን፤ የንስሐ አባቱም ይመክሩታል። እሱንም አትተዉ። ከሁሉ በላይ ግን በሩን ዘግቶ መተኛቱን አልወደድኩትም። ሰው ብቻውን አይተውም። ማታ ማታ አብሮት እራት የሚበላ ሰው ፈልጉለት። "ደህና ነኝ" ያለውን አትመኑ። የበኩር ልጅ ታምሜያለሁ አይልም።

ሲስተር

እህቴ መምህርት፣ ወንድምሽን የማውቀው ነው የመሰለኝ። የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ። ምሥራቅ ጎጃም ተወልጄ ዕድሜዬን በሙሉ ጎጃም ውስጥ ነው የሠራሁት። እንደሱ ያሉ ሰዎች ደጋግመው ይመጡልኛል፤ በጣም ነው የሚያሳስቡኝ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጽፍልሽ ነው።

በመጀመሪያ አባቴ ከቢቸና የተናገሩት ትክክል ነው። ጸበሉም ምክሩም ከሕክምናው ጋር አይጣላም፤ የታዘዘ መድኃኒት ካለ ብቻ አይቋረጥ። "የበኩር ልጅ ታምሜያለሁ አይልም" ያሉትን ደግሞ ያዢልኝ፤ ነገሩ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ተማሪው ግራ የገባው ያለ ምክንያት አይደለም። ኃላፊነትን መወጣትና ራስን መቅጣት ከውጭ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። ሁለቱም ሰዎች ቀጠሮ ያከብራሉ፤ ሁለቱም ደብተር ይሞላሉ። አንደኛው የሚሠራው ስለሚጠቅመው ነው። ሌላው የሚሠራው ካጓደለ ዋጋ እንደሌለው ስለሚሰማው ነው። የተበላሸ ገጽ ቀዶ የሚገለብጥ ሰው የትኛው እንደሆነ አንቺም ታውቂዋለሽ።

ስለዚህ ሁለተኛው ዓይነት ሰው በደንብ የታየ ነገር አለ። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም ትልቅ ጥናት አሠርቶ ነበር። ድብርት ያለባቸው 250 ሰዎች በዕጣ አራት ቦታ ተከፈሉ። አንዱ ቡድን አስተሳሰብና ድርጊት ላይ የሚሠራውን ሕክምና አገኘ። አንዱ ከሰው ጋር ባለ ግንኙነት ላይ የሚያተኩረውን። አንዱ ኢሚፕራሚን የሚባል መድኃኒት፣ አንዱ ደግሞ መድኃኒት የሌለበት ክኒን፤ እነዚህ ሁለቱ ከሐኪም ክትትል ጋር። ሁሉም 16 ሳምንት ነው። ዋናው ውጤት በ1989 ታተመ። ከዚያ በኋላ የዬል ዩኒቨርሲቲው ሲድኒ ብላትና ባልደረቦቹ ያንኑ መረጃ እንደገና ከፈቱት። እነሱ የፈለጉት የትኛው ሕክምና ይበልጣል የሚለውን ብቻ አይደለም፤ የትኛው ሰው ተጠቀመ የሚለውን ነው። ከሕክምናው በፊት "እንከን ከተገኘብኝ ሰው አይደለሁም" ዓይነት አስተሳሰብ የበረታባቸው ሰዎች በአራቱም ቡድን ትንሽ ነው የተጠቀሙት። መድኃኒትም ይሁን ንግግር ለውጥ የለውም። ሕክምናው ካለቀ ከ18 ወር በኋላም ይኸው ጠባይ ጥላው አልለቀቃቸውም።

እኔን የሚገርመኝ ቀጥሎ ያለው ነው። እነዚህ ሰዎች መጀመሪያ አካባቢ እንደማንኛውም ታካሚ እየተሻላቸው ነበር። የቆሙት ከመሃል በኋላ ነው፤ ማብቂያው ሲቃረብ። ተመራማሪዎቹ ምክንያቱን ሲፈልጉ ሁለት ነገር አገኙ። ሌሎቹ ታካሚዎች በሁለተኛው አጋማሽ ከባለሙያው ጋር ይበልጥ እየተቀራረቡ ሲሄዱ እነዚህኞቹ ባሉበት ይቀራሉ። ከሕክምናው ክፍል ውጭም በዙሪያቸው የሚደግፋቸው ሰው ይሳሳል። ወንድምሽን አስቢው። ባለሙያውን አመስግኖ ተሰናበተ፤ ለእናንተ "ድኛለሁ" አለ። የመጨረሻዎቹ ቀጠሮዎች ላይ የልቡን ለማን ነገረ?

አንድ ጎልማሳ ላንሳልሽ። ማንነቱ እንዳይታወቅ ነገሩን አቀያይሬዋለሁ። ወንበሩ ጫፍ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ጀርባውን አያስደግፍም። "እንዴት ሰነበትክ?" ስለው "እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጣም ተሽሎኛል" ይለኛል። አፉ ይህን ሲል እጁ የጋቢውን ጫፍ ይጠቀልላል፣ ይፈታል፣ መልሶ ይጠቀልላል። አንድ ቀን ጥያቄውን ለወጥኩት። "እስካሁን ከተነጋገርነው ያልጠቀመህን አንድ ነገር ንገረኝ" አልኩት። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ "ሲስተር፣ እርስዎ ይህን ያህል ለፍተው አልጠቀመኝም ብል ነውር አይሆንም?" አለኝ። "አይሆንም፤ እንዲያውም ሥራዬን ታቀልልኛለህ" አልኩት። ቀስ እያለ ተናገረ። ለማረጋጋት ያስተማርኩት የአተነፋፈስ ልምምድ ሌሊቱን እየነጠቀው ነበር። "በትክክል አልሠራሁትም" እያለ ከመጀመሪያው እየጀመረ እስከ እኩለ ሌሊት አልጋው ላይ ይቀመጣል። ማረጋጊያው ራሱ ፈተና ሆኖበታል! በየሳምንቱ ግን "ሠርቻለሁ፣ ጠቅሞኛል" ይለኝ ነበር። ከዚያች ቀን በኋላ ነው በእውነት መነጋገር የጀመርነው።

እህትሽ ይህን ያደረገችው በራሷ ጊዜ ነው። ተኮራረፈች፣ ተመለሰች፣ "አስከፍቶኛል" አለች። አንቺ እንደ ጉድለት ጽፈሽዋል፤ ለእኔ ከሠራችው ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። ከምታከብሪው ሰው ጋር ተቀያይሞ፣ ተነጋግሮ፣ ግንኙነቱ እንዳልተበጠሰ ማየት ትልቅ ነገር ነው። ያንን ያየ ሰው ቤቱም ሲገባ ይደግመዋል። ለባሏና ለጓደኞቿ መንገሯ ከየት የመጣ ይመስልሻል? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይሉ የለ።

ኖርዌይ ውስጥ ይህን የሚመስል ነገር በጥናት ታይቷል። 100 ሰዎች በሳምንት አንድ ጊዜ ለአንድ ዓመት ታከሙ። ከግማሾቹ ጋር ባለሙያው "አሁን በእኔና በአንተ መካከል ምን እየሆነ ነው?" የሚለውን ያነሣል። ከግማሾቹ ጋር አያነሣም። የተለመደው ግምት እንዲህ ያለው ንግግር የሚጠቅመው ከሰው ጋር ጥሩ ግንኙነት ኖሮት ላደገ ነው የሚል ነበር። የወጣው ውጤት ተቃራኒ ሆነ። ከሰው ጋር የጸና ግንኙነት ለመያዝ የሚቸገሩት ናቸው ይበልጥ የተጠቀሙት። ጥቅሙም ሕክምናው ካለቀ ከሦስት ዓመት በኋላ አብሯቸው ነበር። አንድ ዓመት ከስምንት ቀጠሮ በጣም ይረዝማል፤ እሱን አልረሳሁትም። ግን ይህን ጥያቄ በሦስተኛውም በስምንተኛውም ቀጠሮ ላይ መጠየቅ ይቻላል። ወጪ የለውም።

በዚሁ ላይ የቀጠሮውን ብዛት ላንሣ፤ ምክንያቱም የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ለሁሉም ሰው ስምንት! የፊንላንድ ዋና ከተማ ሄልሲንኪ ላይ ከ1994 እስከ 2000 እ.ኤ.አ. ድብርት ወይም ጭንቀት ያለባቸውን 326 ሰዎች መዝግበው ለዓመታት ተከታትለዋል። አንዱ ቡድን ቢበዛ 12 ቀጠሮ፣ አንዱ 20 ቀጠሮ፣ አንዱ ደግሞ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ለሦስት ዓመት ያህል። በመጀመሪያው ዓመት አጭሮቹ ቀደሙ። በሁለተኛው ረጅሙ ደረሰባቸው። በሦስተኛው በለጣቸው። ሰው ይህን ሲሰማ "እንግዲያው ረጅሙ ይሻላል" ይላል። ከፍኖተ ሰላም ባሕር ዳር በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ለሦስት ዓመት የሚመላለስ ማን ነው? ትራንስፖርቱ አለ፣ ፈቃዱ አለ፣ መንገዱ የሚዘጋበት ቀን አለ።

እኔ የምወስደው ሌላ ነው። እዚያ ሕክምናው ሳይጀመር ሰውየውን አነጋግረው ይመዝኑታል። ስሜቱን ያስተውላል ወይ? ሲከፋው ችሎ ሊቆይበት ይችላል ወይ? ራሱን ሲያይና ሊሆን የሚመኘውን ሲያስብ መሃሉ ምን ያህል ሰፊ ነው? አንድ ጥርት ያለ ችግር ይዞ ነው የመጣው ወይስ ሁሉም ነገር ተደባልቆበታል? ይህ የተሟላለት ሰው አጭሩ ሊበቃው ይችላል። ያልተሟላለት ሰው ግን በስምንተኛው ቀን ቢሸኝ ገና ሊጀምር ሲል ነው የተሸኘው። ወንድምሽ መጀመሪያ ቀን እንዲህ ተጠይቆ ቢሆን "ሊሆን ከሚመኘው" የሚለው ላይ ብዙ ይገኝ ነበር።

ለእናትሽ ደግሞ ይህን ንገሪልኝ። ጠባይ አብሮ የሚቀበር ዕዳ አይደለም። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣ ምርመራ 207 ጥናቶችን ሰብስቦ ሕክምና ስብዕናን ይለውጣል ወይ ብሎ ጠይቋል። ሕክምናዎቹ በአማካይ 24 ሳምንት የፈጁ ናቸው። የሰዎቹ የስብዕና መለኪያ ራሱ ተንቀሳቅሷል። ከሁሉ ይበልጥ የተለወጠው ቶሎ መደንገጥና መጨነቅ ነው። ሕክምናው ካለቀ በኋላም ለውጡ ቆይቷል። ሰው ሌላ ሰው ይሆናል ማለቴ አይደለም፤ ወንድምሽ ሸሚዙን መተኮሱን አይተውም። ተኩሶ ሳይለብስ የወጣ ቀን ራሱን እንዳይረግም ማድረግ ግን ይቻላል።

አንድ ነገር ልጠንቀቅ። ጠባይ ሁሉን ነገር አይገልጽም። ድብርት ጠባዩ የተመቸ ሰውም ላይ ተመልሶ ይመጣል። ወንድምሽ ደም ማነስ ወይም የታይሮይድ ችግር እንዳለበት ይመርመር። ማታ አረቄ ጀምሮ እንደሆነም በለሆሳስ ጠይቂው፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው እሱን ነው የሚይዘው። "ብሞት ይሻለኛል" የሚል ነገር ካሰማሽ ደግሞ ቀጠሮ አይጠበቅም። ያኑ ዕለት ሆስፒታል ይዘሽው ሂጂ፤ ብቻውንም አታሳድሪው።

የሞጣ ልጅ

ሲስተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጻፉት የእኔን ታሪክ ነው የመሰለኝ፤ ግን የእኔ ጠባይ እንደ መምህርት ወንድም አይደለም። እኔ ዝምተኛ ነኝ። ሰው ቤት መግባትም ሰው ቤቴ መምጣቱም አይሆንልኝም። ባለቤቴ በሞተች ጊዜ ለቅሶው ሲያልቅ እኔ ጀመርኩ። ምክር አገልግሎት ሄድኩ። ባለሙያዋ ደግ ሰው ናት። ግን ጥያቄዋ ያስጨንቀኛል። "ይህ ከልጅነትህ ጋር ምን ያገናኘዋል? ከእናትህ ጋር እንዴት ነበራችሁ?" ትለኛለች። ከክፍሉ ስወጣ ይበልጥ ከብዶኝ ነው የምወጣው። ተውኩት።

በኋላ ሌላ ሰው ዘንድ ተላክሁ። እሱ ብዙ አይጠይቅም። "ይህን ሳምንት በግህን ማን አገደልህ? ምን በላህ? ማንን አገኘህ?" ይላል። ያደረግሁት ትንሽ ነገር ካለ "ይህ ቀላል አይደለም" ይለኛል። ከዚያ እድር ላይ ለአንድ ሰው ብቻ ሰላምታ ከሰጠሁ በኋላ ሁለት ቃል እንድጨምር አደረገኝ። እንዲያ እንዲያ እያለ ወጣሁበት። ሁለቱም ባለሙያዎች ጎበዞች ናቸው። ለእኔ የሆነኝ ሁለተኛው ነው። ይህም ከጠባይ ይሆን ሲስተር?

ሲስተር

ወንድሜ፣ ነፍስ ይማር። ያጋጠመህ በጥናት የታወቀ ነው። ካናዳ ኤድመንተን ከተማ ዊልያም ፓይፐርና ባልደረቦቹ ሐዘን የጸናባቸውን ሰዎች በአጭር የቡድን ሕክምና አይተው ነበር፤ ውጤቱ በ2001 እ.ኤ.አ. ወጣ። አንዱ ቡድን ውስጥ የሚመረምር፣ ከሥር የተደበቀውን የሚያወጣ ሕክምና ተሰጠ። ሌላው ውስጥ የሚያበረታ፣ የዕለት ኑሮን የሚደግፍ። በሕይወታቸው የጠለቀ ግንኙነት የኖራቸው ሰዎች በመጀመሪያው ይበልጥ ተጠቀሙ። ያልኖራቸው በሁለተኛው። ከኖርዌዩ ጋር የሚጋጭ ይመስላል፤ ግን ሕክምናውም ሰዎቹም ሌላ ናቸው። ስለዚህ "ቴራፒ አይሆነኝም" ብለህ ሳትቀር ሌላ ሰው ዘንድ መሄድህ ደግ አደረግህ። ብዙ ሰው ከመጀመሪያው በኋላ ነው የሚቀረው። ባለሙያ ስንመርጥ "ጎበዝ ነው ወይ?" ብለን ብቻ እንጠይቃለን። "ለእኔ ዓይነቱ ሰው ይሆናል ወይ?" ብሎ መጠየቅም ያስፈልጋል፤ ባለሙያውም ይህን ሲጠየቅ ቅር ሊለው አይገባም።

የሥነ ልቦና ተማሪ

ሲስተር፣ አንድ ጥያቄ። ጠባዩ እንዲህ መሆኑ ከታወቀ ወንድሟ አሁን ባለሙያውን ምን ብሎ ይጠይቀው? "ረጅም ሕክምና ስጠኝ" ቢል አገር ውስጥ የት ይገኛል?

መምህርት ከደብረ ማርቆስ

እኔም እሱን ልጠይቅ ነበር። ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የጻፋችሁትን ካነበብኩ በኋላ ወንድሜን ደወልኩለት። "ለምን ተመልሰህ አትሄድም?" አልኩት። ብዙ ከተለማመጥኩት በኋላ "ድነሃል ብሎ በደስታ ሸኝቶኛል፤ አሁን በምን ፊቴ እቀርበዋለሁ? ልፋቱን ሁሉ ከንቱ አደረግሁበት እኮ" አለኝ። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። መታመሙ ሳያንስ ባለሙያውን የበደለ መስሎታል። ሆኖም "አስብበታለሁ" ብሎኛል፤ ከእሱ አፍ ይህ ብዙ ነው። አብሬው ልሂድ? ቢሮ ውስጥ አብሬው ልግባ? ያ ደብተርስ ይያዝ?

ሲስተር

አይዞሽ እህቴ። "አስብበታለሁ" ካለ እንኳን ደስ አለሽ።

መጀመሪያ ለእሱ። የነገረሽን ቃል ሳይለውጥ ለባለሙያው ይንገረው። "ልፋትህን ከንቱ ያደረግሁብህ መሰለኝ፤ አፍሬ ነው የቆየሁት።" ሌላ መግቢያ አያስፈልገውም። ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያ ይህን ሲሰማ ሕክምናው ከየት መቀጠል እንዳለበት ያውቃል። አፉ እንቢ ካለው ጽፎ ይስጠው። ተመልሶ መምጣት ደግሞ ከዜሮ መጀመር አይደለም፤ ከዚህ በፊት የተማረው ሁሉ አለ።

ለተማሪው፦ ሦስት ዓመት ባይገኝም መሃል አለ። ስምንቱን ቀጠሮ በየሳምንቱ ደርድሮ ከመጨረስ፣ ሲሻለው እየራቁ መሄድ ይቻላል። መጨረሻው ደግሞ ከመድረሱ አስቀድሞ ይወራ። "ስንለያይ ምን ይሰማሃል? ቢመለስብህ ለማን ትነግራለህ?" ተብሎ በመሃል ላይ ይነሣ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው ባለ አምስት ቀጠሮ የምክር ዘዴ እንኳ አምስተኛው በሙሉ ደህና ሆኖ ስለመቆየት ነው። እዚያ ውስጥ የምወደው አንድ ነገር አለ። ታካሚው "ያንተው ችግር ጓደኛህን ቢይዘው ምን ትመክረዋለህ?" ተብሎ ይጠየቃል። እንደ ወንድሟ ያሉ ሰዎች ለጓደኛ ሲሆን አንጀታቸው አይችልም። "ወንድሜ፣ ደክሞህ ነው፤ ትንሽ ዕረፍ እንጂ" ይላሉ። ይህን ሲሉ አስቆሞ "አሁን ይህንኑ ለራስህ በለው" ማለት ነው። ይከብዳቸዋል። አንዳንዶቹ ላይ ብዙ ቀጠሮ ይወስዳል። እኔ ብሆን ሌላውን የቤት ሥራ ሁሉ አቆይቼ እዚህ ላይ እቆይ ነበር።

አሁን ላንቺ። አብረሽው ሂጂ፤ ከፍኖተ ሰላም እስከ ባሕር ዳር ያለውን መንገድ ብቻውን ሲያወጣና ሲያወርድ አይሂድ። ቢሮ ውስጥ ግን ብቻውን ይግባ። አንቺ ካለሽ የታላቅነቱን ይዞ ነው የሚቀመጠው። ባለሙያው ሊያነጋግርሽ ከፈለገ፣ እሱም ከፈቀደ፣ መጨረሻ ላይ ይጠሩሻል። የሚያድረው እህታችሁ ቤት ይሁን። እሷ በሕክምናው ጊዜ የሆነውን ኩርፊያ ራሷ ታውራለት። ከእኔና ካንቺ ምክር ይልቅ ከእሷ ቢሰማው ይገባዋል፤ ያውም በዚያው ባለሙያ ዘንድ የሆነ ነው።

ደብተሩን ይያዝ። ገልብጦ አሳምሮ ሳይሆን እንዳለ። ስለተቀደደው ገጽም ለባለሙያው ይንገረው።

ከመውጣቱ በፊት ደግሞ አንድ ነገር ይጠይቅልሽ። መደበኛው ቀጠሮ ሲያልቅ ከወር በኋላ አንድ፣ ከሦስት ወር በኋላ አንድ፣ ከስድስት ወር በኋላ አንድ ቀን ከአሁኑ ይያዝለት። ቢሻለውም የሚሄድበት፣ ባይሻለውም የሚሄድበት። ያኔ "ታምሜያለሁ" ብሎ መደወል አይጠበቅበትም። መንገድ ከተዘጋ በስልክ ይነጋገሩ፤ ይህንንም ከባለሙያው ጋር አስቀድማችሁ ጨርሱት።